የቻይናውያን የማሸት ጥበብና የዛሬው የሕክምና ማሳጅ

ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን ሜዳ የኳስ ጨዋታ ሲደረግ አንድ ጓደኛችን ወድቆ እግሩን ያዘ። ወዲያውኑ አምስት ስድስት ልጆች ተሽቀዳድመን ቁርጭምጭሚቱን ማሸት ጀመርን። «ወለምታ ነው፤ ሲታሽ ይለቀዋል» ያላለ አልነበረም። የስፖርት መምህራችን ደርሰው «እጃችሁን አንሡ!» ባይሉን ኖሮ ምን ይደርስ እንደ ነበር ሳስበው እፈራለሁ፤ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ተሰብሮ ተገኝቷልና። ካሹት እጆች አንዱ የእኔ ስለ ነበረ፥ ማሸት መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ ለማወቅ ተነሣሣሁ። ያገኘሁትንም ለክቡራን አንባቢያን ባጭሩ አቀርባለሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በማሸት ጥበብ ከጥንት ጀምሮ ስማቸው ከሚነሣ አገሮች አንዷ ቻይና ናት። በታንግ ነገሥታት ዘመን (618–907) የቤተ መንግሥቱ የሕክምና መሥሪያ ቤት ራሱን የቻለ የማሸት ክፍል፥ መምህርና ተማሪዎችም ነበሩት። ጥበቡ በጥንት ጊዜ «አንሞ» ይባል ነበር፤ መጫንና ማሸት ማለት ነው። ከሚንግ ነገሥታት ዘመን (1368–1644) ወዲህ ግን «ቱይና» የሚለው ስም ተለመደ፤ ትርጓሜውም መግፋትና መጨበጥ ነው።

በቱይና የሚታሸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ልብሱን እንደ ለበሰ ወይም በስስ ጨርቅ ተሸፍኖ ይተኛል። ባለሙያው በአውራ ጣቱ ይጫናል፥ በመዳፉ ይገፋል፥ የእጁንም ጀርባ በጡንቻው ላይ ወዲያና ወዲህ ያንከባልላል። ተማሪው የሰው ገላ ከመንካቱ በፊት ሩዝ ወይም አሸዋ በተሞላ ትንሽ ከረጢት ላይ እጁን ያለማምዳል። እንደ ቻይናውያን ትምህርት «ቺ» የሚባል የሕይወት ኃይል በ12 ዋና ዋና መሥመሮች በገላ ውስጥ ይዘዋወራል፤ መንገዱ ሲታገድ ሕመም ይመጣል፤ ማሸትም መንገዱን ይከፍታል። እነዚህን መሥመሮች ግን የዛሬው የአካል ጥናት በገላ ውስጥ አላገኛቸውም።

ዘመናዊው ማሳጅ በሥርዓት የተደራጀው በአውሮጳ በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። የስዊድን ተወላጅ ፔር ሄንሪክ ሊንግ በ1813 በስቶክሆልም የጂምናስቲክ ተቋም አቋቋመ። በኋላም የሆላንዱ ሐኪም ዮሐን ጌዮርግ ሜዝገር ማሸትን በሕክምና ዘንድ ካስከበሩት አንዱ ሆነ። አሠራሩም መዳበስ፥ እንደ ሊጥ ማሸት፥ መፈተግና በእጅ መታ መታ ማድረግ ተብሎ ይከፈላል። በ1894 አራት የእንግሊዝ ነርሶች ለሙያው ደንብና ክብር የሚቆም ማኅበር መሠረቱ፤ ከዚያም የዛሬው የእንግሊዝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበር ወጣ።

ታዲያ ጥቅሙ ምን ያህል ነው? በ2012 የወጣ የካናዳ ጥናት 11 ወጣቶችን እስኪደክሙ አሠርቶ አንድ እግራቸውን ብቻ ለ10 ደቂቃ አሳሸ። ከጡንቻቸው በተወሰደው ናሙና በታሸው እግር የብግነት ምልክት ቀንሶ ተገኘ፤ «ማሸት ላክቲክ አሲድን ያስወግዳል» የሚለው የተለመደ አባባል ግን አልተረጋገጠም። በ2015 ስለ ወገብ ሕመም ብዙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ፥ ማሸት ለአጭር ጊዜ ሊያስታግስ ቢችልም ማስረጃው ደካማ መሆኑ ታየ። ስለዚህ ማሸት ሕመምን ሊያቀል ይችላል እንጂ ሁሉን አይፈውስም።

እንግዲህ ሁለቱን ስናስተያይ የእጃቸው ሥራ ይቀራረባል፤ የሚለያዩት በሚሰጡት ምክንያት ነው። ለበሽተኛው ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም ከማሸት በፊት የሚደረገው ምርመራ ነው። የተማረ ፊዚዮቴራፒስት አስቀድሞ ይጠይቃል፥ ይመረምራል። በቻይናም ቱይና ዛሬ በባህላዊ ሕክምና ዩኒቨርሲቲዎች የሚሰጥ ትምህርትና በሆስፒታሎች የሚሠራ ሕክምና ነው። ስለሆነም ልዩነቱ በአሮጌና በአዲስ መካከል ሳይሆን መርምሮ በሚያሽና ሳይመረምር በሚያሽ መካከል ነው።

አጥንት ተሰብሮ ይሆናል ተብሎ ሲጠረጠር ማሸት አይገባም። አንዱ ባት ብቻ ቢያብጥ፥ ቢሞቅና ቢያም የረጋ ደም ሊኖርበት ይችላል፤ ሲታሽ ተላቅቆ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላልና አይነካ። አንገትን በኃይል መጠምዘዝ የደም ሥር ሰንጥቆ ለስትሮክ ሊዳርግ ይችላል። ከወገብ ሕመም ጋር ብልት አካባቢ የደነዘዘ ወይም ሽንቱን መቆጣጠር ያቃተው ሰው በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይሂድ።

ይህ ምክር ለአገራችንም ይሠራል። የወጌሻ እጅ ብዙ ሰው አሳርፏል፤ ነገር ግን ጠብቆ በታሰረ መቃ ደም ተቋርጦ እግር ወይም እጅ የተቆረጠባቸው ሰዎች እንዳሉ የአገራችን ሐኪሞች ጽፈዋል።

ጓደኛችን ጀሶው ተፈትቶለት ዛሬ ይራመዳል። እኔም ከእርሱ እግር የተማርኩት ይህ ነው፤ እጅ ከመዘርጋቱ በፊት ዓይን ይመልከት፥ አፍም ይጠይቅ።