የሸክላ ኩባንያና ኦርኬስትራው

በጊዳ አያና ከዘመዶቼ ቤት በሣጥን ውስጥ ተጠቅልሎ በተቀመጠ አንድ የአምሐ ሬከርድስ ሸክላ ላይ የዘፋኙ ስም በጉልህ ተጽፎ ይነበባል፤ የተጫዋቾቹ ስም ግን አንድም የለም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ «ታዲያ የነፉትስ እነማን ናቸው?» የሚለው ጥያቄ ነው። (ዘመናቱ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በውጭ አገር የሸክላ ኩባንያ ኦርኬስትራ የሚያቋቁምበት ጊዜ አለ። የኢ.ኤም.አይ. ባልደረባ የነበረው ዋልተር ሌግ በ1945 በለንደን ፊልሃርሞኒያን ያቋቋመው ይልቁንም ለሸክላ ቅጂ ነው፤ በ1964 ሊበትነው በተነሣ ጊዜ ተጫዋቾቹ እምቢ ብለው ራሳቸውን በራሳቸው ማስተዳደር ጀመሩ። የአሜሪካው ኮሎምቢያ ሲምፎኒ ግን ስም እንጂ አንድ ቋሚ ጓድ አልነበረም፤ በኒው ዮርክ የሚጫወቱት ሌሎች፥ በሎስ አንጀለስ ከብሩኖ ዋልተር ጋር የተቀዱት ደግሞ ሌሎች ነበሩ።

በእኛ አገር ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ኦርኬስትራው አስቀድሞ ነበረ፤ ዘግይቶ የመጣው ኩባንያው ነው። የክቡር ዘበኛ፥ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፥ እንዲሁም በ1955 የተከፈተውና ነርሲስ ናልባንዲያን ያሠለጠነው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ጓድ የሚተዳደሩት በመንግሥት ደመወዝ ነበር። ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብትም በ1948 በወጣ ድንጋጌ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። መብቱ ተሰጠ እንጂ ሥራው ብዙም አልተሠራበትም።

አምሐ እሸቴ ይህን ገደብ ደፍሮ ኩባንያውን ያቋቋመው በ1969 ነው። በመጀመሪያ ያወጣው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሲሆን፥ ዘፋኙ በፖሊስ ኦርኬስትራ ያደገ ነበር። ቅጂው አዲስ አበባ ላይ ይደረግና ሸክላው በውጭ አገር ታትሞ ይመለሳል፤ የመጀመሪያው የታተመው በህንድ ነው። አምሐ የራሱ ስቱዲዮ ኦርኬስትራ አላስፈለገውም፤ በመንግሥት ጓዶች ውስጥ የተማሩት ነፊዎችና መቺዎች፥ እንደ ግርማ በየነና ሙላቱ አስታጥቄ ያሉ አቀናባሪዎችም በአቅራቢያው ነበሩ። እንደ እኔ አስተያየት፥ ለሥልጠናው የከፈለው መንግሥት ስለ ነበር ነው አንድ ወጣት ነጋዴ በጥቂት ገንዘብ ይህን ያህል ድምፅ ለማውጣት የቻለው።

አምሐ በ1975 ወደ አሜሪካ ተሰደደ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፍራንሲስ ፋልሴቶ በፓሪስ «ኢትዮፒክ» በሚል ተከታታይ ዘፈኖቹን እንደገና ሲያወጣ፥ አብሮ በሚታተመው ትንሽ መጽሐፍ ላይ የብዙ ተጫዋቾች ስም ተጽፏል። በዘመዶቼ ሸክላ ላይ ያለው ዘፈን ከእነዚያ መካከል መሆኑን ገና አላመሳከርሁም።