በብረቱ ላይ የተጻፈውን አንብቡ

የሞተር መጋዝ ረጅም ጠፍጣፋ ብረት አለው። ባለጥርሱ ሰንሰለት የሚዞረው በዚህ ብረት ዙሪያ ነው። ጠርዙ ሲበላ ሌላ ይገዛል። ግን ማን ነው የሚሠራው?

የጀርመኑ ሽቲል ብረቱን ራሱ ሠርቶ በራሱ ስም ይሸጣል። ኦሬገን ግን ሌላ ነው። በ1947 እ.ኤ.አ. ጆ ኮክስ የተባለ ዛፍ ቆራጭ በአሜሪካ፣ በፖርትላንድ ከተማ መሠረተው። ዋና ሥራው መጋዙ ሳይሆን ሰንሰለቱና ብረቱ ነው። በራሱ ስም ይሸጣል፤ ለሌሎች ኩባንያዎችም ይሠራል። እነሱ የየራሳቸውን ስም ይጽፉበታል። የስዊድኑ ሁስክቫርና እንኳ ለብዙ ዓመታት ኦሬገን የሠራውን በስሙ ሸጧል። አንድ ሸማኔ የሠራውን ጋቢ ሁለት ነጋዴ በሁለት ዋጋ ሲሸጠው አላያችሁም? ይኸው ነው።

እንግዲህ ቀለሙን ተዉና ቁጥሩን አንብቡ። ማንበብ ችላችሁ የለ! ቁጥሩ በብረቱ ጭራ በኩል ተጽፏል። 1.3፣ 1.5 ወይም 1.6 ቢል፣ ሰንሰለቱ የሚገባበት ቦይ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። በሰፊ ቦይ ቀጭን ሰንሰለት ይንጋደዳል፤ በጠባቡ ወፍራሙ ከነጭራሹ አይገባም። ያን ጊዜ ገንዘባችሁ ቀለጠ። ነጋዴው «ሁሉም አንድ ነው» ቢላችሁ አትመኑት፤ አሮጌውን ብረት ይዛችሁ ሂዱና ቁጥሩን አስተያዩ።