የማውሱ የግራ ቁልፍ ስንት ቁጥር ነው?

ከዓመታት በፊት ለአንድ የአውቶቡስ ድርጅት የወንበር መምረጫ ገጽ ሠርቼ ነበር። ቢሮዬ ውስጥ በፋየርፎክስ ስሞክረው ያለ እንከን ይሠራል። ትኬት ቆራጮቹ የሚጠቀሙት ግን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ነበርና ወንበሩን ቢጫኑት፣ ደግመው ቢጫኑት ንቅንቅ አይልም። ተሳፋሪው ተሰልፎ ይጠብቃል፤ እኔ በስልክ «ማውሱ ተበላሽቶ ይሆናል» እላለሁ። ማውሱ ደህና ነበር። ጥፋቱ እኔ የጻፍኩት አንድ መስመር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማውስ ቁልፍ ሲጫን ብሮውዘሩ የትኛው እንደሆነ ለጃቫስክሪፕት በቁጥር ይነግረዋል። ይህ ቁጥር «በተን» ይባላል። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብሊው ስሪ ሲ እ.ኤ.አ. በ2000 በደነገገው መሠረት ግራው 0፣ መካከለኛው 1፣ ቀኙ 2 ነው። እስከ ስሪት 8 የነበሩት ኤክስፕሎረሮች ግን ግራውን 1፣ ቀኙን 2፣ መካከለኛውን 4 ይሉ ነበር። ይህ አቆጣጠር እንዲያውም ብልሃት አለው፤ ግራና ቀኝ አብረው ከተጫኑ ተደምረው 3 ስለሚሆኑ ሁለቱንም ማወቅ ይቻላል።

እኔ የጻፍኩት ቁልፉ ወደ ታች ሲወርድ «ቁጥሩ 0 ከሆነ ወንበሩን ያዝ» የሚል ነበር። ኤክስፕሎረር 1 ይልካል፤ ወንበሩ አይያዝም። «0 ወይም 1» ብሎ መገላገልም አያዋጣም፤ ለአንዱ ግራ የሆነው 1 ለሌላው መካከለኛ ነውና።

ጆን ሬዚግ እ.ኤ.አ. በ2006 ይፋ ያደረገው ጄኩዌሪ የተባለው ላይብረሪ ይህን ጣጣ ከፕሮግራመሩ ትከሻ አወረደ። ከየትም ብሮውዘር ይምጣ፣ «ዊች» በሚባል አንድ ስም ግራውን 1፣ መካከለኛውን 2፣ ቀኙን 3 አድርጎ ያቀርባል። ይህን ሲያደርግ የብሮውዘሩን ስም አይጠይቅም፤ «ዊች» መኖሩን ይመለከትና ከሌለ ከ«በተን» ያሰላው ነበር። ስም መጠየቅማ አያስተማምንም፤ የድሮው ኦፔራ ሲጠየቅ «ኤክስፕሎረር ነኝ» ይል ነበር!

ኤክስፕሎረር እ.ኤ.አ. በ2011 በስሪት 9 ደንቡን ተቀበለ፤ በ2022 ደግሞ ራሱ ጡረታ ወጣ። ዛሬ ለዚህ ብቻ ተብሎ ላይብረሪ አይጫንም። ከአሮጌ ገጽ ላይ ጄኩዌሪን አውጥታችሁ ወደ «በተን» የምትመለሱ ከሆነ ግን የግራውን 1 ወደ 0 መለወጥ አትርሱ። ካልለወጣችሁ ገጹ የሚታዘዘው ለመካከለኛው ቁልፍ ይሆናል።