ከኦምዱርማን የተበተኑት የኮምቦኒ ኮሌጅ የቀድሞ ተማሪዎች

በካርቱም የኮምቦኒ ኮሌጅ የተማሩ ሰዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ከወጡ በኋላም እርስ በርሳቸው ወሬ የመላላክ ልማድ አላቸው። ከ2023 ዓ.ም. በፊት የተጻፈው ወሬ ማን ልጁን እንደ ዳረ፣ ማን ጡረታ እንደ ወጣ፣ የማን ልጅ በለንደን ወይም በቶሮንቶ የሐኪምነት ዲፕሎማ እንደ ተቀበለ የሚገልጽ ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ የልጆች ዲፕሎማና የአባቶች የስኳር በሽታ የሚበዛበት፣ ለሚተረጉመው ሰው የሚያሰለች ጽሕፈት ነበር። በ15 አፕሪል 2023 ዓ.ም. በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ግን የደብዳቤዎቹ መልክ ተለውጧል። የመጀመሪያው ጥያቄ «በሕይወት አለህን?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «የት ነህ?» ሦስተኛውም «ወረቀቶችህን ይዘህ ወጥተሃልን?» ይላል። ይህ ሦስተኛው ጥያቄ አስተዳዳሪውንም ነጋዴውንም የሚመለከት ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት መጻፍ ተገቢ መስሎ ታይቶናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

ኮሌጁን በ1929 ዓ.ም. ያቆሙት የኮምቦኒ ማኅበር የካቶሊክ አባቶች ናቸው። ስሙም የተወሰደው ከአቡነ ዳንኤል ኮምቦኒ ነው። እኒህ ኢጣልያዊ ሰው ካርቱም ሲገቡ 1858 ዓ.ም. ነበር፤ በዚያችው ከተማ በ10 ኦክቶበር 1881 ዓ.ም. ዐረፉ። በዚያው ዓመት ማህዲ ተነሣ፤ በ1885 ዓ.ም. ካርቱም ስትወድቅም የመንግሥቱ መቀመጫ ከነጭ ዓባይ ማዶ ወደ ኦምዱርማን ተዛወረ። የሚሲዮኑ ቀሳውስትና ደናግልም በእስረኝነት ወደ ኦምዱርማን ተወሰዱ። ከነዚህ አንዱ አባ ዮሴፍ ኦርቫልደር በ1882 ዓ.ም. በኑባ ተራራዎች ተይዘው በ1891 ዓ.ም. ከኦምዱርማን አመለጡ። የማህዲያው መንግሥት በ1898 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ግን ወደዚያችው ወደ ታሰሩባት ከተማ ተመልሰው ሲያገለግሉ ኖሩና በ1913 ዓ.ም. በዚያው አረፉ። ኦምዱርማን ውስጥ መሳልማ የሚባለው ሰፈር በዚያ ዘመን ሃይማኖታቸውን በግድ የለወጡ የቅብጦችና የሶርያውያን ቤተሰቦች የሰፈሩበት ስለ ነበር፣ እስከ ዘመናችን ድረስ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ጎን ለጎን የሚታዩበት ሆኖ ኖረ።

እንግሊዞቹ በሰሜን ሱዳን ለእስላሞች ወንጌል እንዳይሰበክ ከልክለው ነበር፤ ትምህርት ቤት መክፈትን ግን አልከለከሉም። ከዚህም የተነሣ የሚሲዮኑ ትምህርት ቤቶች ቋንቋና የሒሳብ አያያዝ የሚያስተምሩ፣ ከተማሪዎቻቸውም የሚበዙት እስላሞች የሆኑባቸው ቤቶች ሆኑ። የኮምቦኒም ኮሌጅ ይኸው ዕድል ደረሰው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነበር፤ አባቶቹ እርስ በርሳቸው ኢጣልያንኛ ይነጋገራሉ፤ ልጆቹ በግቢው ዐረብኛ ይናገራሉ። የኦምዱርማን ልጆች ድልድዩን በትራም፣ ኋላም በአውቶቡስ እየተሻገሩ ይመጡ ነበር። በአንድ ወንበር ላይ የመሳልማው ቅብጥ፣ የገበያው ነጋዴ የእስላም ልጅ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ከደቡብ የመጣው ልጅና ከእኛ አገር ወደ ሱዳን ሄደው የኖሩ ቤተሰቦች ልጅ ይቀመጡ ነበር። ከዚያ የወጣ ልጅ የጽሕፈት መኪና መምታትና ደብተር መያዝ ስለሚያውቅ በባርክሌይስ ባንክ፣ በሚቸል ኮትስና በምጽዋም ስሙ በሚታወቀው በጌላትሊ ሃንኪ ሥራ ለማግኘት ብዙ አይቸገርም ነበር።

መበተናቸው በአንድ ቀን የሆነ አይደለም። በ1970 ዓ.ም. የኒሜሪ መንግሥት ባንኮቹንና የውጭ ኩባንያዎቹን ወረሰ፤ ግሪኩና አርመኑ ወደ አቴናና ወደ ሌላም አገር መሄድ የጀመሩት በይበልጥ ከዚያ ወዲህ ነው። በ1983 ዓ.ም. የሸሪዓ ሕግ ሲታወጅ ሌሎች ወጡ። በ2011 ዓ.ም. ደቡብ ሱዳን ነጻ መንግሥት ስትሆን የደቡብ ልጆች ወደ ጁባ ሄዱ። ነገር ግን በነዚህ ሁሉ ጊዜያት የሚወጣው ሰው ሣጥኑን ዘግቶ፣ ዲፕሎማውን በጨርቅ ጠቅልሎ ነበር። በ2023 ዓ.ም. የወጣው ግን የለበሰውን ብቻ ይዞ ነው የወጣው። መሐል ካርቱም ሁለት ዓመት ለሚሞላ ጊዜ የጦር ሜዳ ሆኖ ቆየ፤ መንግሥቱ ጦር ቤተ መንግሥቱን መልሶ የያዘው በማርች 2025 ዓ.ም. ነው። በኦምዱርማንም አሮጌው ገበያ ተቃጠለ፤ ከሱቆቹም ጋር የነጋዴዎቹ መዝገቦች ጠፉ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ሱዳኖች በአንድ ዓመት አብሯቸው ትምህርት የጨረሰውን ሰው «ዱፍዓ» ይሉታል። ይህን በአማርኛ «የትምህርት ቤት ጓደኛ» ብለን ብንተረጉመው ስሕተት አይሆንም፤ ነገር ግን የቃሉ ኃይል ይቀንሳል። ጓደኛ የሚመረጥ ነው፤ ዱፍዓ ግን ሳይመርጡት የሚገኝ ነው፤ ቢጣሉትም ዱፍዓነቱ አይቀርም። ለባንክ ብድርም ሆነ ለቤት ኪራይ ዋስ በተፈለገ ጊዜ አንድ የኮምቦኒ ሰው ከወንድሙ ቀጥሎ የሚጠራው ዱፍዓውን ነበር። እኔ በበኩሌ «አብሮ አደግ» የሚለውን ቃል መረጥኩ፤ የሚቃወመኝ ቢኖር ግን አልከራከርም።

በኦምዱርማን ገበያ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጡ የነበሩና ዛሬ በካይሮ ፈይሰል በተባለው ሰፈር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ለጓደኞቻቸው የላኩት ደብዳቤ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ነው። ሱቃቸው ከነመዝገቡ ተቃጠለ። በዱቤ ጨርቅ ከወሰዱት ደንበኞች መካከል ሁለቱ የኮሌጅ ዱፍዓዎቻቸው ነበሩ። አንደኛው ከከሰላ በገዛ እጁ ጽፎ «ያለብኝ ዕዳ ይህን ያህል ነው፤ መዝገብህን ባላገኘውም እኔ የራሴን አላጠፋሁም» ሲል ገለጠ። ሆኖም ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር ቀላል አልነበረም። ጦርነቱ ሲጀመር አንድ ዶላር በ600 የሱዳን ፓውንድ ገደማ ይመነዘር ነበር፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ከ2,000 ፓውንድ በላይ ሆነ። ታዲያ የሚከፈለው በመዝገብ የነበረው የፓውንድ ቁጥር ነውን ወይስ የጨርቁ ዋጋ? ባለዕዳው ቁጥሩን ቢከፍል ሕጉ ያድነው ይሆናል፤ ሻጩ ግን ከጣቃው ሲሶውን እንኳ መልሶ መግዛት አይችልም። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሁለቱ ዋጋ መካከል ተስማምተው በሦስት ጊዜ እንዲከፈል ወሰኑ። ሁለተኛው ባለዕዳ እስካሁን መልስ አልሰጠም። አዛውንቱ ስሙን አልጠቀሱም፤ «እርሱም ዱፍዓዬ ነው» ብለው ብቻ አልፈውታል።

ከገንዘቡ የባሰው የስም ጉዳይ ነው። በሥራዬ የዐረብኛና የእንግሊዝኛ ሰነዶች ጎን ለጎን ስመለከት ብዙ ጊዜ ያጋጠመኝ ችግር ስለ ሆነ በዝርዝር ልናገረው። ኢጣልያውያኑ አባቶች የልጁን ስም በላቲን ፊደል ሲጽፉ ጆሮአቸው እንደ ሰማው ይጽፉታል፤ አንዳንዴም ወደ አገራቸው ስም ያዞሩታል። በዚህ ሁኔታ ዩሱፍ የተባለው ልጅ በትምህርት ቤት ጁሴፔ፣ በቤተ ክርስቲያን ዮሴፍ፣ በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከአባቱና ከአያቱ ስም ጋር በዐረብኛ ዩሱፍ እየተባለ ይመዘገባል። ሦስቱም ወረቀቶች በአንድ ሣጥን ውስጥ ሳሉ ችግር የለም፤ ባለቤቱ አውጥቶ ያሳያቸዋል። ሣጥኑ ሲጠፋ ግን አንዱ ሰው ሦስት ሰዎች ይሆናል። ባልዋ ወደ ግብፅ ሲሰደዱ በመንገድ የሞተባት አንዲት ሴት የጡረታውን ድርሻ ለመጠየቅ በፈለገች ጊዜ፣ በእጇ የቀረው የትምህርት ቤቱ የምስክር ወረቀት ቅጂ ብቻ ነበር፤ በእርሱ ላይ የተጻፈውም ስም በአገልግሎት መዝገቡ ላይ ካለው ጋር የሚመሳሰል አይደለም። ሦስት የኮምቦኒ ሰዎች፣ አንዱ ከአቴና፣ አንዱ ከጁባ፣ አንዱም ከፖርት ሱዳን፣ በየአሉበት በሕግ ፊት ቀርበው «ይህ ሰውና ያ ሰው አንድ ነው፤ ከእኛ ጋር ተምሯል» ብለው መስክረው ቃላቸውን ላኩ። ይህን የመሰለ ምስክርነት የሚቀርብለት አስተዳዳሪ ወረቀቱ ከሦስት አገር በሦስት ቋንቋ መጣ ብሎ ከመመለሱ በፊት፣ ምስክሮቹ የሰጡት ቃል በዝርዝሩ ይስማማ እንደ ሆነ ቢመረምር ይበልጣል። የመምህሩን ስም፣ የክፍሉን መስኮት፣ ልጁ በቅርጫት ኳስ ጨዋታ የሰበረውን ጣት ሦስት ሰዎች ሳይመካከሩ አንድ አድርገው መናገራቸው ቀላል ማስረጃ አይደለም።

ከነዚህ ተማሪዎች ስሙ በዓለም የታወቀ ሰው የጠየቀኝ ቢኖር፣ ደራሲው ጀማል ማሕጁብ በዚህ ኮሌጅ ተምሯል፤ በ2018 ዓ.ም. ስለ ካርቱም ያሳተመውንም መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ማግኘት ይቻላል። ሌሎቹ ግን ጸሐፊዎች፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤቶች፣ የጉምሩክ አስፈጻሚዎች ናቸው፤ ደብዳቤያቸውም አጭር ነው።

ከነዚህ አንዱ በፖርት ሱዳን ዕቃ ከጉምሩክ ሲያስወጣ የኖረ የኦምዱርማን ሰው ነው። በ2001 ዓ.ም. በካርቱም የተመሠረተው የኮምቦኒ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ኮሌጅ ከጦርነቱ በኋላ በዚያች የወደብ ከተማ ትምህርቱን ስለ ቀጠለ፣ ወጣቶቹ ተማሪዎች አልፎ አልፎ ወደ ቤቱ እየመጡ ይጽፉለታል፤ ዓይኑ ደክሟል። የሚያጽፈው የዱፍዓውን መዝገብ ነው። ገጹን በሦስት ዓምድ ከፍሎ የእያንዳንዱን ሰው ስም በዐረብኛ፣ አባቶቹ እንደ ጻፉት በላቲን፣ ከአሥመራና ከከረን ወገን ለሆኑትም በግዕዝ ፊደል ያሰፍራል፤ ከጎኑ የአባቱን ሥራና የሰፈሩን ስም ይጨምራል። ሦስተኛውን ዓምድ እንዳርምለት ላከልኝና አረምኩለት፤ «ኃይለ» የሚለው በ«ሀ» ተጽፎ ነበር። ከስሞቹ በአራቱ ፊት ለፊት «የት እንዳለ አልታወቀም» የሚል ማስታወሻ አለ። አራቱም የመሳልማ ልጆች ናቸው።