ጥይት መልሶ ማሰናዳት፤ የቃላቱ ጉዳይና የተርጓሚው ጥንቃቄ

የተተኮሰ የሽጉጥ ቀለህን አጽድቶ፣ አዲስ መለኮሻ፣ ባሩድና አረር አግብቶ ዳግመኛ ለአገልግሎት ማብቃት በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በሕግ የተፈቀደ የተኳሾች ሙያ ነው። በአገራችን የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የመሣሪያንና የጥይትን ሥራ በፈቃድ ሥር ስላኖረው፣ ማንም በየቤቱ የሚያከናውነው አይደለም። ይሁን እንጂ ስለ ሙያው የተጻፈውን መተርጐም የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። በውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ጀማሪ የደኅንነቱን መመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቢያነብ ይመርጣል፤ ፍርድ ቤትም የባለሙያ ቃል ያስተረጉማል። በዚህ ዐይነቱ ጽሑፍ የቃል ስሕተት ጣት ወይም ዐይን ሊያስከፍል ይችላል።

አማርኛ በዚህ መስክ የቃል ድኻ አይደለም። ችግሩ ቃላቱ በአሮጌው መሣሪያ ልክ የተሰፉ መሆናቸው ነው። ለዚህም ወደ ሸዋ የገቡበትን በር መመልከት ይጠቅማል። ከታጁራ የተነሣው የነጋዴ መንገድ የአፋርን በረሓ አቋርጦ በይፋት በኩል ወደ አንኮበር ይወጣ ነበር። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ 300 ጠመንጃ ይዞ የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በ1879 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ባለቅኔ ሬምቦ ለምኒልክ ሊሸጥ ያመጣው ሸቀጥ ከ2,000 በላይ አሮጌ ጠመንጃና 60,000 የረሚንግተን ጥይት ነበር። እነዚህ ሁለቱ የሁለት ዘመን ዕቃዎች ናቸው። አሮጌው ጠመንጃ ባሩዱንና አረሩን ለየብቻ በአፉ የሚቀበል ሲሆን፣ የረሚንግተን ጥይት ግን ሁሉን በአንድ ቀለህ አሽጎ የያዘ ነው። ከኋላው ጥይት የሚቀበለውን መሣሪያ ሕዝቡ ጎራሽ አለው፤ ግሩም ስያሜ ነው። ከሸዋ ሮቢት እስከ ማጀቴ ባለው የይፋት ቆላ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው ቀለህን፣ ዝናርን፣ ምላጭን፣ አፈሙዝን ለመጥራት መዝገበ ቃላት አይገልጥም።

ተርጓሚውን መጀመሪያ የሚያሰናክለው ጥይት የሚለው ቃል ራሱ ነው። «ዐሥር ጥይት ገዛ» ስንል ሙሉውን፣ «ጥይት መታው» ስንል ግን ከአፈሙዙ የወጣውን ብቻ ማለታችን ነው። በጨዋታ መካከል ይህ አያሳስትም። በመመሪያ ውስጥ ግን «ጥይቱን ወደ ውስጥ ይግፉ» የሚል ትእዛዝ ጀማሪውን ያደናግራል። ስለዚህ ጥይትን ለሙሉው፣ አረርን ለተወንጫፊው፣ ቀለህን ለናሱ ዕቃ ለይቶ መያዝ ይገባል። የአረሩ ጥልቀት ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ከተወሰነው በላይ ወደ ቀለሁ ቢገባ በተኩስ ጊዜ የሚፈጠረው ግፊት ከፍ ይላል።

ሁለተኛው ግስ ነው። እንግሊዝኛ ሎድ በሚለው አንድ ግስ ጥይትን መሥራትንም መሣሪያን ማጉረስንም ይገልጻል። «ዳግም ማጉረስ» ተብሎ ቢተረጐም የአማርኛ አንባቢ ሌላ ጥይት ወደ መሣሪያው ማግባት ነው ብሎ ይረዳል። «ቀለህ መሙላት» የሚለው ይሻላል እንዳይባል ደግሞ የባሰ አደጋ አለበት፤ መሙላት በአማርኛ እስከ አፍ ማድረስ ነውና።

የነገሩ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ባሩድ የሚለው ስም ሁለት እጅግ የተለያዩ ነገሮችን ሸፍኖ ይዟል። አንደኛው ከናይትሬት ጨው፣ ከከሰልና ከድኝ የሚቀመም ጥቁር ባሩድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1874 የወጣው ውጅግራ የተሠራው ለዚህ ነበር። ጥቁር ባሩድ በመስፈሪያ ይሰፈራል፤ በቀለሁም ውስጥ ባዶ ቦታ ሳይተው እስከ አረሩ ድረስ ይሞላል። ሁለተኛው ፈረንሳዊው ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 ያስገኘው፣ ከናይትሮሴሉሎስ የሚሠራው ጢስ አልባ ባሩድ ነው። ይህ በሚዛን እንጂ በዐይን አይገመትም። በብዙ የሽጉጥ ቀለህ ትክክለኛው መጠን የቀለሁን ግማሽ እንኳ ስለማይደርስ፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢጨመር አይፈስም፤ ሲተኮስ ግን መሣሪያውን ሊሰነጥቅ ይችላል። ታዲያ «ቀለሁን በባሩድ ይሙሉ» ብሎ የተረጐመ ሰው ለውጅግራ ዘመን ትክክል ጻፈ፣ ለዛሬው ጀማሪ ግን የሞት ትእዛዝ ሰጠ። ስለዚህ ሙያውን «ጥይት መልሶ ማሰናዳት»፣ የባሩዱን ተግባር «መዝኖ መጨመር» ማለትን እንመርጣለን። ጢስ አልባ የሚለው ቅጽል አይቀነስ፤ የባሩዱ የፋብሪካ ስምና ቊጥርም እንዳለ ይገልበጥ። የአንዱ መጠን ለሌላው አይሆንምና ጥንቁቅ ሰው በጠረጴዛው ላይ ከአንድ ዐይነት በላይ አያኖርም፤ አረሩን ከማስገባቱም በፊት እያንዳንዱን ቀለህ በብርሃን ይመለከታል።

ሚዛኑም የራሱ ወጥመድ አለው። መለኪያው ግሬን ይባላል፤ አንዱ ፓውንድ 7,000 ግሬን፣ አንዱ ግራም 15.43 ግሬን ያህል ነው። አንዳንዱ «ፍሬ» ወይም «ቅንጣት» ሊለው ይቃጣዋል፤ አንባቢው የባሩድ ቅንጣት መቊጠር እንዳይጀምር ያሰጋል! ግሬን ግራም ተብሎ ቢታተም ደግሞ ዐምስት ግራም በሽጉጥ ቀለህ ስለማይገባ ስሕተቱ ይጋለጥ ይሆናል። የማይጋለጠው የአኀዝ መለወጥ ነው፤ 4.2 የነበረው 4.7 ቢሆን የሚያስጠነቅቅ ምልክት የለም። አኀዙን ሁለተኛ ሰው ከዋናው ጋር ያመሳክረው።

የመለኮሻውን ስም ካፕሱል ብሎ መተው ይቻል ነበር፤ ዳሩ ግን ዛሬ አብዛኛው አንባቢ መድኃኒት ያስባል። ለኮሰ ከሚለው የወጣው መለኮሻ ተግባሩን ራሱ ይናገራል።

የቀረው ከሸፈ ነው። ዛሬ ዕቅድም ሤራም ይከሽፋል፤ ነገር ግን ቃሉ የመሣሪያ ነው። መመሪያዎቹ በአንዱ ከሸፈ ፈንታ ሦስት ነገር ይለያሉ። ጭራሽ ያልተኮሰ አለ፤ ዘግይቶ የሚተኩስ አለ፤ ድምፁ ደክሞ አረሩ በአፈሙዙ ቧንቧ ውስጥ የቀረም አለ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞሩ ቢያንስ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ይገባል። በሦስተኛው ግን ሌላ ጥይት መተኮስ ፈጽሞ አይገባም፤ መሣሪያው ተራግፎ ቧንቧው መታየት አለበት። «ከሸፈ»፣ «ዘገየ»፣ «አረሩ ታነቀ» ብለን ብንለያቸው ሦስቱም የአማርኛ ናቸው፤ ሦስቱንም ተኳሹ ሳይቸገር ይረዳቸዋል።