መርፌውም ጨጓራ ይነካል

«ኪኒን ጨጓራዬን ስለሚነካኝ መርፌ ይሻለኛል።» በአትክልት ተራ ጫኝና አውራጆች መካከል ይህን ያህል ተደጋግሞ የሰማሁት አባባል የለም። ወገቡን የሚያመው ሰው ሥራ ከመግባቱ በፊት ወይም ሒሳቡን ሲቀበል ወደ አንዱ ክሊኒክ ጎራ ብሎ «የወገብ መርፌ» ይጠይቃል። ይወጋል፣ ወዲያው ቀለል ይለዋል፣ ተመልሶ ይሸከማል። ጓደኛውን ሲያመው ደግሞ ያንኑ ቤት ይጠቁመዋል። እምነቱ እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ኖሯል፤ ሰውም እየጎዳ ነው።

በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ጀርባ በቆምኩበት ዘመን የጨጓራ መድኃኒቱን ኦሜፕራዞል ሊገዛ የመጣ አንድ ተሸካሚ አስታውሳለሁ። ከንፈሩ ነጥቷል፣ ሲቆም ባንኮኒውን ይዞ ነው። ሰገራው ምን እንደሚመስል ብጠይቀው «እንደ ሬንጅ ጥቁር ነው፤ የበላሁት ነገር ይሆናል» አለኝ። ምን መድኃኒት እንደሚወስድ ስጠይቀው ደግሞ በኩራት ነበር የመለሰልኝ፦ «ኪኒን ከተውኩ ቆየሁ፤ መርፌ ብቻ ነው የምወጋው።» ጨጓራው እየደማ ነበር። ያደማውም ጨጓራዬን ያድንልኛል ብሎ የመረጠው መርፌ ነው።

«የወገብ መርፌ» ተብሎ የተሠራ መድኃኒት የለም። በዚህ ስም በብዛት የሚወጋው ዳይክሎፌናክ፣ ሰው በአጭሩ ዲክሎ የሚለው ነው። በኪኒን የሚሸጠውም እሱው ራሱ ነው። ሰውነታችን ሲጎዳ ፕሮስታግላንዲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮችን ያመነጫል፤ ሕመሙንና እብጠቱን የሚያባብሱት እነሱ ናቸው። ዳይክሎፌናክ ምርታቸውን ይገታል፣ ሕመሙም ይታገሳል። ችግሩ እነዚሁ ንጥረ ነገሮች ሌላም ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ ይጠብቃሉ፣ ወደ ኩላሊት የሚገባው ደም እንዳይቀንስም ያግዛሉ። መድኃኒቱ በአፍ ገባ በመቀመጫ፣ መጨረሻው ደም ውስጥ ነው፤ ደሙ ደግሞ ጨጓራም ጋ ኩላሊትም ጋ ይደርሳል። ጨጓራን በዋናነት የሚያቆስለው ኪኒኑ በላዩ ላይ ማረፉ ሳይሆን ይህ ጥበቃ መነሳቱ ነው። መርፌ ከዚህ አያድንም።

እምነቱ ከምንም ተነስቶ የመጣ አይደለም። መርፌው ፈጣን ነው። ሥጋ ውስጥ የተወጋ ዳይክሎፌናክ በ20 ደቂቃ አካባቢ ደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ ሲደርስ፣ አንጀት ውስጥ እንዲሟሟ የተሸፈነው ኪኒን 2 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። አይሱዙው ቆሞ እየጠበቀ ላለ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ኪኒን ሲውጥ የሚያቃጥለውና መርፌ ሲወጋ የማያቃጥለው ሰው መርፌው ተስማማኝ ቢልም አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚህ መድኃኒት የሚመጣ ቁስል ብዙ ጊዜ ሳያምም ነው የሚደማው። አለማቃጠሉ አለመቁሰሉን አያሳይም። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የሚባለው የጨጓራ ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ነው፤ ባክቴሪያውና ይህ መድኃኒት አንድ ጨጓራ ውስጥ ሲገናኙ የቁስሉ አደጋ ሁለቱ ለየብቻ ከሚያመጡት ይበልጣል።

አምራቾቹ ራሳቸው ለዚህ መርፌ ገደብ አስቀምጠውለታል። ከ2 ቀን በላይ አይሰጥም፤ ሕመሙ ከቀጠለ ወደ ኪኒን ወይም ወደ ሌላ ሕክምና ይዛወራል። ይህ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ የተጻፈ ነው። ታዲያ አንድን ሰው በየሳምንቱ፣ ያውም ለወራት፣ «የለመድከው ነው?» እያሉ የሚወጉ ባለሙያዎች ምን ይባላሉ? የደም ግፊቱን የለካ የለም፣ ስለ ሰገራው የጠየቀ የለም፣ የተወጋውን መድኃኒት ስም ጽፎ የሰጠው የለም። ተሸካሚው ባያውቅ አይገርምም፤ ሐኪምም ፋርማሲስትም አይደለም። ወጊው ግን ያውቃል። በዚህ ላይ ትዕግሥት የለኝም።

አንዳንዱ ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ጨምሮበት ይወጋል፤ ሁለቱ ሲደመሩ የጨጓራ መድማት አደጋው ይብሳል። ዴክሳሜታዞን ሲደጋገም ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም ያዳክማል። የተደበቀ ቲቢ ያለበትን ሰው ደግሞ ለከፋ ነገር ያጋልጠዋል። መርፌው በራሱም ጣጣ አለው። በተሳሳተ ቦታ ከተወጋ በመቀመጫችን ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የእግር ነርቭ ተጎድቶ እግር ሊደነዝዝና ሊጎተት ይችላል። ወገቡን ሊታከም ሄዶ እግሩን እየጎተተ መመለስ ለተሸካሚ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

የኩላሊቱ ነገር አትክልት ተራ ላይ ይበልጥ ያሳስበኛል። ተሸካሚ ከሌሊት ጀምሮ ሲያልበው ያድራል፣ ውኃ የሚጠጣው ትንሽ ነው፣ ብዙው ባዶ ሆዱን ነው የሚሠራው። የሰውነት ፈሳሽ ሲቀንስ ኩላሊት ደም እንዳያጥረው የሚደገፈው በፕሮስታግላንዲን ነው፤ ዳይክሎፌናክ ይህንኑ ድጋፍ ይነሳዋል። የደም ግፊት ታማሚ ሆኖ ኢናላፕሪልና ሽንት የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ሦስተኛ አድርጎ ዳይክሎፌናክ ከጨመረ አደጋው ተደራራቢ ይሆናል። የልብ ሕመም ወይም ስትሮክ ያጋጠመው ሰውም ይህን መድኃኒት መውሰድ የለበትም፤ የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ በ2013 እ.ኤ.አ. ይህን በግልጽ ከልክሏል።

ሌላው የእምነቱ ክፋይ «መርፌው ሕመሙን ከሥሩ ይነቅለዋል» የሚለው ነው። አይነቅልም፤ ለተወሰኑ ሰዓታት ያስታግሳል። ሕመሙን የሚያባብሰውን ለማየት ሸክሙን ማየት ይበቃል። አትክልት ተራ የምንለው የጅምላ ገበያ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት በፒያሳና በመርካቶ መካከል ከነበረበት ቦታ ወደ ጃንሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ጥምቀት ሳይደርስ ደግሞ ወደ ላፍቶ ኃይሌ ጋርመንት ተዛውሯል። ስሙ አብሮ ሄደ፤ ሸክሙም እንዲሁ። የመቂና የባቱ ቲማቲምና ሽንኩርት፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ ከመኪና የሚወርደው ዛሬም በሰው ጀርባ ነው። አንዱ ከጭነቱ ላይ ቆሞ ማዳበሪያውን ወደ ጠርዙ ይገፋል፣ ሌላው ከታች ጀርባውን ሰጥቶ ይጠብቃል። ጭነቱ ማጅራቱ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ ሰበር ይልና ይቃናል፤ ከዚያ አንገቱን ደፍቶ በጭቃው ላይ በፈጣን እርምጃ ይሄዳል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ነው። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ አዋቂ ወንድ በጉልበቱ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም ደግሞ ሁሉም ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ ለማንሳት የሚመክረው ከፍተኛ ክብደት 23 ኪሎ ብቻ ነው። ኩንታሉን 50፣ 50 አድርጎ መጫን ወይም ጋሪ ማቅረብ ለነጋዴው ከባድ ወጪ አይመስለኝም።

አንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት። ሥር የሰደደ የወገብ ሕመም ካለባቸው 10 ሰዎች ውስጥ በ9ኙ ያህል ይህ አጥንት፣ ይህ ጡንቻ፣ ይህ ዲስክ ነው ብሎ ምክንያቱን ለይቶ ማሳየት ሕክምና አይችልም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ምንጩን ግን በጣት መጠቆም አይቻልም። ስለዚህ «ምክንያቱን አግኝቼዋለሁ፣ በአንድ መርፌ አጠፋዋለሁ» የሚልን ሰው መጠራጠር ተገቢ ነው። «ዲስክህ ተንሸራቷል» የሚለውም ቢሆን በኤምአርአይ ታየ ተብሎ ብቻ የሚያስደነግጥ አይደለም፤ ምንም የማያማቸው ብዙ ሰዎች ቢነሱ እንዲህ ያለ ዲስክ ይታይባቸዋል።

ሌሎቹን እምነቶች በአጭሩ ልለፋቸው። «ኩላሊቴ ነው» የሚለው በጣም የተለመደ ነው። የኩላሊት ሕመም ብዙ ጊዜ ከጎድን አጥንት ሥር በጎን በኩል ይሰማል፤ ትኩሳት ወይም የሽንት ለውጥ ይከተለዋል። ጎንበስ ቀና ሲሉ የሚብሰው ብዙውን ጊዜ ጡንቻና መገጣጠሚያ ነው። የሚያሳዝነው፣ ኩላሊቴ ነው ብሎ በየቀኑ ዲክሎ የሚወስድ ሰው ደኅናውን ኩላሊቱን መጉዳቱ ነው። «ብርድ መትቶኝ ነው» ለሚለው፣ ቅዝቃዜ ጡንቻን ያኮማትር ይሆናል፣ ሙቀትም ያስታግሳል፤ ሥር የሰደደ ሕመም የሚያመጣው ግን ብርድ አይደለም። «ተኝተህ ዕረፍ» የሚለው ምክር ቀኑ በረዘመ ቁጥር ወገብን ያዳክማል እንጂ አያድንም፤ ሸክሙን ቀንሶ መንቀሳቀስ ይሻላል። የዓለም ጤና ድርጅት በኅዳር 2016 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ሥር ለሰደደ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የአካል እንቅስቃሴ ሕክምናን ይመክራል፤ የወገብ ቀበቶን ለሕክምናነት አይመክርም።

ትራማዶልን እዚያው መመሪያ ላይ ካልተመከሩት መድኃኒቶች ጎራ ታገኙታላችሁ። የሞርፊን ዘመድ ነው፣ ሱስ ያስይዛል፣ ያፈዝዛል፣ የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። ከአረቄ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል። «ጉልበት ይሰጣል» እያሉ ለተሸካሚ የሚያቀብሉት ሰዎች ጉልበቱን እየሸጡት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ዳይክሎፌናክን ከነጭራሹ አትንኩ ማለቴ አይደለም። ያልሠራበትን ቀን ማንም የማይከፍለው ሰው ማስታገሻ ቢፈልግ ትክክል ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የዚህን ቤተሰብ መድኃኒቶች ለወገብ ሕመም ይፈቅዳል። አወሳሰዱ ግን ሥርዓት አለው። በኪኒን፣ ምግብ ከተበላ በኋላ፣ በሚያስታግሰው ትንሹ መጠን፣ ለጥቂት ቀናት ይወሰዳል። የአዋቂ የቀን ጣሪያው 150 ሚሊግራም ነው፣ ይህም ባለ 50ው 3 ፍሬ ማለት ነው። ጣሪያ ነው ሲባል ደግሞ በየቀኑ እዚያ ይደረስ ማለት አይደለም። ሳያም «ልቅደመው» ተብሎ ጠዋት ጠዋት የሚዋጥ ነገር አይደለም። ጨጓራ ያመው የነበረ ወይም ዕድሜው የገፋ ሰው ኦሜፕራዞል አብሮ እንዲታዘዝለት ይጠይቅ። ከውጭ ዘመድ የላከው አድቪልና አሊቭም የዲክሎ ወንድሞች ናቸው፤ ሁለት ዓይነት በአንዴ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ማስታገሱን አያበዛም። እዚያው ገበያ ጎንበስ ብለው ሽንኩርት ሲለቅሙ የሚውሉ እናቶች እርጉዝ ከሆኑ፣ በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ፣ ያለ ሐኪም ፈቃድ አይንኩት፤ የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ውኃ ይጠጣ። ከተቻለ ማዳበሪያው ከመሬት ሳይሆን ከመኪናው ጠርዝ ይነሳ፣ ከባዱን ሁለት ሰው ይያዘው።

ምንም ማስታገሻ ሊሸፍናቸው የማይገባ ምልክቶችም አሉ። ሌሊት የሚያልብ፣ የሚያከሳ፣ ትኩሳት ያለው የወገብ ሕመም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ቲቢ በሳምባ ብቻ የሚቀር በሽታ አይደለም፤ አገራችን ውስጥ ደግሞ አለ። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ሰው ብሩሴሎሲስንም ይጠርጥር። ሁለት እግር ከዛለ፣ በብሽሽትና በመቀመጫ መካከል ከደነዘዘ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ ግን ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። ጥቁር ሰገራም እንዲሁ።

ወገባችሁን የምትታመሙ ወንድሞች፣ መርፌ ከመወጋታችሁ በፊት የመድኃኒቱን ስም ጠይቁ፣ በወረቀት አስጽፉ፣ ባለፈው የተወጋችሁበትን ቀንም ተናገሩ። ስሙን ሊነግራችሁ የማይፈልግ ሰው እጅ አትገቡ። የ2 ቀኑን መርፌ በየሳምንቱ የምትወጉ ባለሙያዎችም፣ ከዛሬ ጀምሮ አቁሙ።