«አልታወቀም» የሚባል መልስም አለ

አዲስ አበባ ውስጥ በሞተር ሳይክል ዕቃ የሚያደርስ አንድ ድርጅት የአሽከርካሪዎቹን የቀን ሒሳብ ማታ ማታ በአንድ የክፍያ ድርጅት ኤፒአይ በኩል ይልክላቸው ነበር። አንድ ምሽት ለአንዳንዶቹ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ገባ፤ ሦስት ጊዜ የገባለትም ነበር። በማግስቱ የድርጅቱ ፕሮግራመር የሰርቨሩን ሎግ ይዞ ቀረበ። ከተደገመው ክፍያ ሁሉ አጠገብ ያው አንድ መስመር ሰፍሯል፦ የከርል (ጥያቄውን የሚልከው ላይብረሪ) ስሕተት ቁጥር 28፣ የጥበቃው ጊዜ አልቋል። «አልሄደም ነው እኮ የሚለው» አለ ልጁ በሙሉ ልብ። «ስላልሄደ ደግመን ላክን። ሁለቴ የከፈለው የክፍያ ድርጅቱ ነው።»

ሎጉ ግን «አልሄደም» አላለም። «30 ሰከንድ ጠበቅሁ፣ መልስ አልመጣም» ነው ያለው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚቆጨው ደግሞ ሌላ ነው። የክፍያ ድርጅቱ መከላከያ ነበረው፤ በአንድ የማጣቀሻ ቁጥር ሁለት ክፍያ አይቀበልም። ኮዱ ግን ቁጥሩን በፒኤችፒው «ዩኒክአይዲ» የሚያወጣው እዚያው የሙከራው ዑደት ውስጥ ነበር። በየሙከራው አዲስ ቁጥር ይወጣል፤ ስለዚህ ከወዲያ ማዶ ሲታይ ሦስቱ ሙከራዎች ሦስት የተለያዩ ክፍያዎች ናቸው። ይህን የአንድ ልጅ ስንፍና ማድረግ ፍትሕ አይሆንም። ለማስተማሪያ የሚጻፉ ብዙ ኮዶች ማጣቀሻውን ከሰዓት ወይም ከ«ዩኒክአይዲ» ላይ፣ ያውም ጥያቄው በሚሰናዳበት መስመር ሲያወጡ ይታያሉ። ለአንድ ጊዜ ሙከራ ይበቃል። ያንኑ ኮድ ቀድቶ ዑደት ውስጥ የሚያስገባ ሰው ግን መከላከያውን በገዛ እጁ አፍርሶታል።

«መልስ ካልመጣ አልደረሰም» የሚለው እምነት የዚህ ማስታወሻ ጸሐፊ በሥራው ከሚያጋጥሙት ስሕተቶች ሁሉ እጅግ የተስፋፋው ነው። ትናንት የጀመረውም፣ ዓመታት የሠራውም ይጋሩታል። ምንጩን መገመት አይከብድም። «ከርል ኤግዜክ» ሲጠራ ወይ የመጣውን ጽሑፍ ይመልሳል፣ ወይ «ፎልስ» ይላል። ፕሮግራመሩ ይህን ተቀብሎ «ኢፍ» እና «ኤልስ» ይጽፋል፤ ዳታቤዙ ላይም «ተሳክቷል» የሚል አምድ ይከፍታል፤ አምዱ የሚይዘው 1 ወይም 0 ብቻ ነው። ከዚህ በኋላ እውነቱ የሚቀመጥበት ቦታ አይኖርም። የተላከ ጥያቄ ዕጣው ሦስት ነውና፦ ተፈጽሟል፣ ተከልክሏል፣ አልታወቀም። ሦስተኛው ቦታ ስላልተሰጠው ሁለተኛው ውስጥ ተጠቅልሎ ይገባል፤ ገንዘብ የሚጠፋው እዚያ ላይ ነው።

«የእኛ ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ ወዲያው ይሰማል። መስመር በተቆራረጠ ቁጥር ችግሩ መብዛቱ እውነት ነው፤ የተፈጠረው ግን ከዚያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 አኮዩንሉ፣ ኤካናድሃም እና ሁበር የተባሉ ተመራማሪዎች መልእክት ሊጠፋ በሚችልበት መስመር የሚነጋገሩ ሁለት ወገኖች አንድ ነገር ላይ መስማማታቸውን በፍጹም እርግጠኝነት ማወቅ እንደማይችሉ አሳይተዋል። ከሦስት ዓመት በኋላ ጂም ግሬይ ነገሩን የሁለቱ ጄኔራሎች ተቃርኖ ብሎ ሰየመው፤ ስሙም በዚያው ጸና። የማረጋገጫ መልእክት ቢላክ ማረጋገጫው ራሱ ሊጠፋ ይችላል፤ የማረጋገጫው ማረጋገጫም እንዲሁ። ፋይበር በየቤቱ የገባበት አገርም ያለው ፕሮግራመር ከዚህ አያመልጥም። የሚለየው በቀን ስንት ጊዜ እንደሚያጋጥመው ነው።

የኤችቲቲፒ ደንብ ጸሐፊዎችም ይህን አልዘነጉም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አርኤፍሲ 9110 ቢደጋገሙ ውጤታቸው የማይለወጥ ጥያቄዎችን፣ «ጌት»፣ «ፑት» እና «ዲሊት»ን የመሰሉትን፣ ከ«ፖስት» ይለያል። «ፖስት»ን የመሰለ ጥያቄ መደጋገሙ እንደማይጎዳ ወይም የመጀመሪያው እንዳልተፈጸመ ማወቂያ መንገድ ከሌለ ላኪው በራሱ ደግሞ እንዳይልክ ይመክራል። ከትእዛዝ መስመር የሚሠራው ከርል ያልተሳካን ጥያቄ በራሱ መልሶ የሚልክበት አማራጭ አለው፤ በፒኤችፒ የሚጠራው ላይብረሪ ግን ይህን አማራጭ አይሰጥም። ስለዚህ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የየራሱን ዑደት ይጽፋል፤ የተጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ «ፎልስ ከመጣ ሦስት ጊዜ ሞክር» የሚል ነው።

ሁሉም «ፎልስ» ደግሞ አንድ አይደለም። ስሕተት 6 የሰርቨሩ ስም አልተገኘም ማለት ነው፤ 7 ደግሞ ግንኙነቱ ራሱ አልተከፈተም። በነዚህ ሁለቱ ጥያቄው ከቤት አልወጣም፤ ያለ ሥጋት ይደገማል። 52 ግንኙነቱ ተከፍቶ ወዲያኛው ወገን ምንም ሳይል መዝጋቱን ይናገራል፤ 56 መልስ በመቀበል ላይ ሳለ መስመሩ መበጠሱን። እነዚህ «አልታወቀም» ናቸው። አስቸጋሪው 28 ነው፤ ግንኙነት ለመክፈት የተሰጠው ጊዜ ቢያልቅም፣ መልስ ለመጠበቅ የተሰጠው ቢያልቅም የሚመጣው ያው ቁጥር ነው። እዚህ ላይ «ከርል ጌትኢንፎ» ይረዳል፦ «ፕሪትራንስፈር ታይም» ዜሮ ከሆነ ጥያቄው መላክ አልጀመረም። ከዜሮ በላይ ከሆነ አንድም ነገር እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይቻልም። ምን ያህል ባይት እንደተላከ የሚነግረው «ሳይዝ አፕሎድ»ም ቢሆን ከዚህ የወጣውን እንጂ እዚያ የተነበበውን አይቆጥርም።

ከዚህ በተቃራኒ ደግሞ «ፎልስ» ሳይመጣ «አልታወቀም» የሚሆንበት አለ። ከርል 504ን እንደ ስኬት ነው የሚያስረክበው፤ መልስ መጥቶለታላ። መልሱ የሚለው ግን መካከል ላይ ያለው መተላለፊያ ከኋላው ያለውን ሰርቨር ጠብቆ እንደሰለቸው ነው። ኋላ ያለው ሰርቨር ሥራውን ጨርሶ ሊሆን ይችላል።

ፋይል ሲላክ ነገሩ ይብሳል። የከርል አጠቃላይ የጊዜ ገደብ ካልተነካ ዜሮ ነው፤ ማለትም እስከ ወዲያኛው ይጠብቃል። ይህን የሰሙ ሰዎች 30 ሰከንድ ያደርጉታል፤ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ቢጠየቁ መልስ የላቸውም። ገደቡ የመላኪያውንም ጊዜ ይጨምራል። 20 ሜጋባይት የሆነ የተቃኘ ሰነድ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ለመውጣት 160 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። በ30 ሰከንድ ገደብ ይህ ፋይል መቼም አይደርስም፤ በየሙከራው ከዜሮ ይጀምራል፤ የመሥሪያ ቤቱንም መስመር አጣብቦ የሌላውን ሰው ፋይል ያስቆማል። ለግንኙነቱ አጭር፣ ለጠቅላላው ረጅም ገደብ ሰጥቶ «ሎው ስፒድ ሊሚት» እና «ሎው ስፒድ ታይም» በሚባሉት አማራጮች «በሰከንድ ከ1000 ባይት በታች ሆኖ 30 ሰከንድ ከቆየ ቁረጥ» ማለት ይሻላል። ይህም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ሰርቨሩ ፋይሉን ተቀብሎ በሚመረምርበት ጊዜ የሚያልፍ ባይት ስለሌለ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል፤ የተቀበለው ፋይል «አልተላከም» ተብሎ ይደገማል። በ«ፑት» ለሚልኩም አንድ ነገር፦ በ«ኢንፋይል» የተሰጠው የተከፈተ ፋይል ከመጀመሪያው ሙከራ በኋላ መጨረሻው ላይ ቆሟል። ወደ መነሻው ካልመለሱት ሁለተኛው ሙከራ የሚልከው አያገኝም።

ትልልቅ ፋይል ይቀበሉ ዘንድ የተሠሩ ኤፒአዮችን ማየት ብዙ ያስተምራል። የጉግል ካቆመበት የሚቀጥል የፋይል አላላክ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ዝም ብሎ አያስደግምም። ላኪው ባዶ «ፑት» ልኮ «እስካሁን ምን ያህል ደርሶሃል?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩ በ308 መልስ የደረሰውን ይነግረዋል፤ ከዚያ ላይ ይቀጠላል። የአማዞን ኤስ3 ደግሞ ፋይሉን በተቆጠሩ ክፍሎች ይቀበላል፤ ክፍል 7 ሁለት ጊዜ ቢላክ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ይተካዋል እንጂ ሌላ ክፍል አይሆንም። ሁለቱም መልስ ሊጠፋ እንደሚችል ከመጀመሪያው ተቀብለው የተሠሩ ናቸው።

ለገንዘብም መንገዱ ያው ነው። የክፍያ አገልግሎት ሰጪው ስትራይፕ ከ«ፖስት» ጋር መለያ ቁልፍ የሚላክበት ራስጌ አለው፤ በዚያው ቁልፍ ሁለተኛ ጥያቄ ሲመጣ ሥራውን አይደግምም፤ የመጀመሪያውን መልስ፣ 500 ስሕተት እንኳ ቢሆን፣ መልሶ ይሰጣል። በአገራችን ቻፓ «ቲኤክስ ሬፍ» የሚለውን ማጣቀሻ ከላኪው ይቀበላል፤ በዚያው ማጣቀሻ ክፍያው ምን ላይ እንደደረሰ የሚጠየቅበት አድራሻም አለው። መሣሪያው አለ። የሚጎድለው ማጣቀሻውን ከዑደቱ አውጥቶ፣ ከመላክ በፊት ዳታቤዝ ላይ መጻፍ ነው።

«ከመላክ በፊት» የሚለው ቃል ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነውና። መዝገቡ በማጣቀሻው «በመጠባበቅ ላይ» ተብሎ ይጻፋል፤ ይጸድቃል፤ ከዚያ «ከርል ኤግዜክ» ይጠራል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የክፍያ ድርጅቱ ውጤቱን የሚያሳውቅበት ዌብሁክ ከመልሱ ቀድሞ ሲመጣ የሚያያዝበት መዝገብ ያጣል። ከዚህም የከፋው ሁለቱን በአንድ የዳታቤዝ ትራንዛክሽን መጠቅለል ነው፤ ሥርዓት ያለው ኮድ ስለሚመስል በፒኤችፒው ማዕቀፍ በላራቬል ብዙ ጊዜ ይታያል። ከርል ሲዘገይ ስሕተት ይነሣል፤ ትራንዛክሽኑ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ጥያቄው መላኩን የሚመሰክረው ብቸኛ መዝገብ ይጠፋል። ገንዘቡ ሄዷል፤ መዝገቡ ግን ጭራሽ እንዳልተሞከረ ይናገራል።

ሥራዎችን ወረፋ የሚያሲዘው የላራቬል ኪውም በጎን በኩል የራሱን ድግግሞሽ ያመጣል። አንድ ሥራ በ90 ሰከንድ ውስጥ ካላለቀ፣ ቁጥሩ ካልተቀየረ በቀር፣ ለሌላ የኪው ሠራተኛ (ዎርከር) ይሰጣል። ከርል 120 ሰከንድ እንዲጠብቅ ከተፈቀደለት፣ ሥራውም ሦስት ጊዜ እንዲሞከር ከተባለ፣ ዑደት ያልጻፈው ፕሮግራመር ዑደት አለው ማለት ነው። የከርሉ ገደብ ከሠራተኛው፣ የሠራተኛውም ከኪው ገደብ ማነስ አለበት።

ይህን ሁሉ በቃል ማስረዳት አድካሚ ነው፤ በዓይን ማሳየት ይቀላል። ፒኤችፒ ይዞት በሚመጣው ትንሽ ሰርቨር ላይ የደረሰውን ጥያቄ ፋይል ውስጥ ጽፎ 40 ሰከንድ የሚተኛ አጭር ኮድ ይቀመጥ። ላኪው በ10 ሰከንድ ገደብ ይላክ። ላኪው ስሕተት 28 ብሎ ሲያቆም ፋይሉ ውስጥ ጥያቄው ተጽፎ ይገኛል። ማንኛውም ቡድን ክፍያ የሚልክ ኮድ ወደ ሥራ ከማስገባቱ በፊት ይህን ሊያደርገው ይገባል።

ማጣቀሻ የማይቀበል፣ የተላከው ምን ላይ እንደደረሰ የማይነግር ኤፒአይም ያጋጥማል፤ የጽሑፍ መልእክት ከሚልኩት መካከል እንዲህ ያሉ አሉ። እዚያ ኮድ የሚፈታው ነገር የለም፤ መምረጥ ግድ ነው። ወይ አንዴ ልኮ መተው፣ ወይ ሊደገም እንደሚችል እያወቁ መድገም። የመግቢያ ኮድ ሁለት ጊዜ ቢደርስ የሚጎዳ ሰው የለም፤ ባይደርስ ደንበኛው ደጅ ይቀራል፤ ስለዚህ ይደገማል። ደመወዝ ከሆነ ይቆማል፤ «አልታወቀም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ጠዋት የሒሳብ ሠራተኛው ከባንኩ ዝርዝር ጋር ያመሳክረዋል። የትኛው ሥራ በየትኛው ወገን እንደሚመደብ የሚወስነውም የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ ፕሮግራመሩ ይህን ጥያቄ ኮዱን ከመጻፉ በፊት ይዞለት ሊሄድ ይገባል።